ስለ ሰው ልማት ሲመከር የኢትዮጵያ ምሁራን ወንበር ለምን ይጎድላል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሰብዓዊ ልማት ሪፖርቱን ባወጣ ቁጥር መገናኛ ብዙኃኖቻችን ኢትዮጵያ ስንተኛ እንደሆነች ይዘግባሉ። ቁጥሩ ከምን እንደተቀመረ፣ ማን እንደሚተቸውና የት እንደሚሻሻል ግን እምብዛም አይነገርም። ክርክሩ የሚካሄደው በየዓመቱ በሚደረጉ የምሁራን ጉባኤዎች ላይ ነው። በእነዚያ አዳራሾች ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ይባላል፤ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተነሥቶ የሚደርስ ጥናት አቅራቢ ግን ጥቂት ነው። እንቅፋቱ በአብዛኛው የቀን ቀመር፣ የወረቀትና የበጀት ጉዳይ በመሆኑ ሊነሣ ይችላል ብለን ስለምናምን ይህን ጽፈናል። የውጭውን ጉዳይ የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ ዋና መድረክ በ2004 በጣሊያኗ ፓቪያ የተመሠረተው የሰብዓዊ ልማትና አቅም ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነበሩ፤ አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ማርታ ኑስባውም ተከተሏቸው። ማኅበሩ በኒው ዴልሂ፣ በሊማ፣ በአማን፣ በጃካርታና በማናጓ ተሰብስቧል። ከ2004 እስከ 2024 ባሉት ሃያ ዓመታት አፍሪካ ውስጥ የተሰበሰበው ግን አንድ ጊዜ፣ በ2017 ኬፕ ታውን ላይ ብቻ ነው።

ይህ የሚያስቆጨን ኢትዮጵያ ለዚህ አስተሳሰብ ባዕድ ስላልሆነች ነው። ሴን በ1981 ባሳተሙት የድህነትና የረሃብ ጥናት በዝርዝር ከመረመሯቸው ረሃቦች አንዱ እኛ የ66ቱ የምንለው የወሎ ረሃብ ነው። በጥናቱ መሠረት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ረሃቡን በሚያስረዳ መጠን አላሽቆለቆለም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም፤ ሕዝቡ እየተራበም ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ እህል ይጫን ነበር። የወሎ ገበሬ ማሳው ሲከዳው የሚበላውን ብቻ አልነበረም ያጣው፤ ከሌላ ቦታ እህል የሚስብበት የመግዣ ገንዘብም አብሮት ጠፋ። የአፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ የአዋሽ ዳር የበጋ ግጦሹ ለሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተወስዶበት ነበር። በዚያ ላይ ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውም ገበያ ሲወጣ የሚያመጣው እህል አነሰ። ዛሬ በየጉባኤው የሚጠቀሰው «ሰው በተጨባጭ ምን ማድረግና ምን መሆን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ዓይነቱ ምርመራ ጋር የተሳሰረ ነው።

የሴን ሐሳብ ፍሬ ነገሩ፣ በእጅ ያለ ነገርና በዚያ ነገር ማድረግ የሚቻለው የተለያዩ ናቸው የሚለው ነው። ራሳቸው የሚሰጡት የብስክሌት ምሳሌ አለ። ብስክሌት እግሩ ለሚታዘዝለትና መንገድ ላለው ሰው መጓጓዣ ነው፤ ለሌላው ቁራጭ ብረት ነው። ጉባኤዎቹም በዚሁ ሚዛን ይመዘኑ እንላለን። ቤልጅግ ላይ በሚደረግ ስብሰባ ጥናትህ ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ደብዳቤ ለጀርመናዊ ባልደረባ የባቡር ትኬት መቁረጥ ማለት ነው። ለጅማ ወይም ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር ግን የወራት ሥራ መጀመሪያ ነው። ጥሪው ላይ «ለሁሉም ክፍት ነው» ተብሎ መጻፉ ዕድሉን እኩል አያደርገውም።

መቅረታችን የሚያጎድለው እኛን ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉን የብዙ ገጽታ ድህነት መለኪያ እንውሰድ። ጤናን፣ ትምህርትንና የኑሮ ደረጃን በአሥር ጠቋሚዎች ይመዝናል። የጤናና የትምህርት አራቱ ጠቋሚዎች እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ፣ የኑሮ ደረጃ ስድስቱ ደግሞ አንድ አሥራ ስምንተኛ ክብደት አላቸው። አንድ ቤተሰብ የጎደሉት ነገሮች ድምር ሲሶ ከደረሰ ድሃ ተብሎ ይቆጠራል። አሁን ኤሌክትሪኩን ተመልከቱ፤ መረጃ ሰብሳቢው የሚጠይቀው ቤቱ መብራት አለው ወይ ብሎ ነው። ቆጣሪው ተገጥሞ በሳምንት ሦስት ቀን የሚጨልመው ቤት «አለው» ተብሎ ይመዘገባል። ውኃም እንዲሁ ነው። ምንጩ ንጹሕ ከሆነና ደርሶ መልስ 30 ደቂቃ ካልሞላ ቤተሰቡ አልጎደለበትም። ቧንቧው ግቢ ውስጥ ሆኖ ውኃው በፈረቃ በሌሊት የሚመጣለት፣ እናትና ልጅ ጀሪካን ደርድረው የሚያድሩበት ቤት በዚህ ጥያቄ ውስጥ አይታይም። እንዲህ ያለውን ክፍተት ቀድሞ የሚያየው እዚሁ የሚኖር ተመራማሪ ነው። በጉባኤው ላይ ካልተገኘ ግን የኢትዮጵያ መረጃ በሌሎች አፍ ይቀርባል። ከአውሮፓውያኑ 2002 ጀምሮ ከኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን በሃያ አካባቢዎች ሲከታተል የኖረውን የያንግ ላይቭስ ጥናት የመሰለ ሀብት እያለ በትንተናው ወደ ኋላ መቅረት ያሳዝናል።

ወደ ተግባሩ እንግባ፤ ከቪዛው እንጀምር፣ ብዙ ጥናት የሚቀረው እዚያ ነውና። ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባውን የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ለአብዛኛው የሌላ አገር ሰው መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን መደበኛው ጊዜ 45 ቀን እንዲሆንና ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ወስኗል። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ጉዳይ የኢትዮጵያ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ከዚህ ጉዳይ ጋር ምንም የማይገናኘው ተመራማሪ ባለፈው ዓመት ሄዶ በቀኑ ቢመለስም ዘንድሮ ከዜሮ ይጀምራል። የ45 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ማመልከቻው ከገባ በኋላ ስለሆነ የቀጠሮው ወረፋ ተጨማሪ ነው። ስለዚህ ከጉባኤው ሁለት ወር ሲቀረው የሚላክ የተቀባይነት ደብዳቤ ለኢትዮጵያዊ አቅራቢ እንዳልተላከ ይቆጠራል። አዘጋጆች ውጤቱን ከአምስት ወር ባላነሰ ጊዜ ቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። የጉዞ ድጋፍ የሚሰጡ ከሆነም በዚያው ቀን ይንገሩ። «ጥናትዎ ተቀባይነት አግኝቷል፤ የድጋፉን ጉዳይ ከስድስት ሳምንት በኋላ እናሳውቃለን» የሚለው አሠራር ብዙ ሰው ያስቀራል፤ ወጪውን ማን እንደሚችል ሳይታወቅ ማመልከቻ አይገባምና።

የግብዣ ደብዳቤውም ራሱ ጣጣ አለው። ጥሩ ደብዳቤ የጥናቱን ርእስ፣ የሚቀርብበትን ቀን፣ የጉባኤውን አድራሻ፣ የበረራን፣ የማደሪያንና የምዝገባን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ለይቶ ይጽፋል። «በመካከላችን ስናገኝዎ ደስ ይለናል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለቆንስላው ምንም አይነግረውም። ከዚያ የስም ጉዳይ አለ። የጥናቱ ማስገቢያ ቅጽ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ስለሚጠይቅ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን ሦስቱም አሉ፣ የፊደል አጻጻፋቸውም ይለያል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥናቱንም፣ ምዝገባውንም፣ ደብዳቤውንም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፍ ነው። አመልካቹ ከዚህ ሌላ የሥራ ደብዳቤ ከደመወዝና ከተፈቀደ የፈቃድ ቀን ጋር፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ያስፈልገዋል። ትኬቱን ግን አስቀድሞ አይቁረጥ፤ የበረራ ቦታ ማስያዣው ይበቃል። የ90 ዩሮው የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የክልከላ ምክንያት «ለመመለስዎ እርግጠኛ አይደለንም» የሚል ስለሆነ፣ የሥራ ደብዳቤው ላይ መምህሩ ማስተማር የሚጀምርበት ቀንና የሚሰጠው ኮርስ ቢጠቀስ ይጠቅማል።

የበጀቱ እንቅፋት የእኛው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ብዙዎቹ ጉባኤዎች ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይውላሉ። የጉዞ ጥያቄው ሚያዝያ ላይ ከትምህርት ክፍሉ ተነሥቶ በዲኑና በምርምር ምክትል ፕሬዚዳንቱ በኩል ፋይናንስ ሲደርስ ሰኔ ሆኗል፤ «ሒሳብ እየዘጋን ነው» ይባላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ «አዲሱ በጀት አልተለቀቀም» ይባላል። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን በሁለት ነገር ሊፈቱት ይችላሉ። አንደኛው፣ ተቀባይነት ያገኘ ጥናት እንደታወቀ የምዝገባ ክፍያውን በአሮጌው በጀት ጨርሶ ትኬቱን በአዲሱ መያዝ ነው። ሁለተኛው የክፍያ መንገድ ነው። የምዝገባ ክፍያ የሚጠየቀው በዓለም አቀፍ ካርድ ሆኖ ሳለ አብዛኛው መምህር እንዲህ ያለ ካርድ የለውም፤ ተቋሙ አንድ ካርድ ወይም በባንክ የሚያስተላልፍበት ቋሚ አሠራር ካዘጋጀ ለሁሉም ይበቃል። አዘጋጆቹም የባንክ ዝውውርን ይቀበሉ፣ ቅናሽ ዋጋ የሚያበቃበትን ቀን ለዚህ ያራዝሙ።

አብስትራክት ስለሚባለው የጥናቱ አጽሕሮት ጥቂት እንበል። ገምጋሚ የሚጥላቸው ብዙዎቹ ግማሽ ቦታቸውን ሴን ምን እንዳሉ በመተረክ የሚጨርሱ ናቸው። ያን ገምጋሚው ያውቀዋል። ሌላው ተደጋጋሚ ጉድለት የአገሪቱን የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ወስዶ ስለ አንድ ወረዳ ሰዎች ኑሮ መደምደም ነው። ያ መለኪያ የዕድሜ ጣሪያን፣ የትምህርት ዓመታትንና የነፍስ ወከፍ ገቢን በአገር አማካይ የሚያጣምር ቁጥር ነው፤ ስለ አንድ ቤተሰብ አይናገርም። የሚያልፈው ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል፤ መረጃው ከስንት ቤተሰብ፣ የት፣ መቼ እንደተሰበሰበ ይናገራል፤ ቢያንስ አንድ ተጨባጭ ግኝት በቁጥር ወይም በጠያቂና ተጠያቂ ቃል ያሳያል። «ውጤቱ ይጠበቃል» ብሎ መላክ ዕድልን ማባከን ነው። የመዝጊያ ሰዓቱንም ልብ ይሏል፤ 23:59 በግሪንዊች ሰዓት ከተባለ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ «ተቀብለናል» የሚል፣ ከግብርና እስከ ቀዶ ሕክምና ሁሉንም ዘርፍ በአንድ አዳራሽ እሰበስባለሁ የሚል ጥሪ ከመጣ ደግሞ ገንዘብ ለመሰብሰብ ነውና ይታለፍ።

በኢንተርኔት መሳተፍ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ የማኅበሩ የ2020 ጉባኤ ከኦክላንድ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር የቪዛው ጣጣ ቀርቷል። ነገር ግን ኦክላንድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። አካልና ኢንተርኔት በሚጣመሩባቸው ጉባኤዎች ደግሞ አዳራሽ ያሉት በርቀት አቅራቢዎቹ 15 ደቂቃ ላይ ከስክሪኑ ይልቅ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ የጋራ ጥናት፣ የመጽሐፍ ምዕራፍና የዶክትሬት አማካሪ የሚገኘው ደግሞ በሻይ ሰዓት ነው። በርቀት የሚያቀርቡትን ቅጂ አስቀድሞ መቀበልና ክፍለ ጊዜውን ለምሥራቅ አፍሪካ በቀን ሰዓት መመደብ ቢያንስ መደረግ ያለበት ነው።

ሴን ስለ ፍትሕ ሲጽፉ ፍጹም ፍትሐዊ ሥርዓት እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፣ በዓይን የሚታየውንና ሊወገድ የሚችለውን በደል ማስወገድ ይቻላል ይላሉ። የቪዛ ፖሊሲን ጉባኤ አዘጋጅ አይቀይረውም። ቀን መቁጠሪያውንና ቦታውን ግን ይቀይራል። አዲስ አበባ በጁላይ 2015 ሦስተኛውን ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ አስተናግዳለች፤ በአውሮፓውያኑ 1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለን፤ አየር መንገዱ ከአብዛኛው አፍሪካ በቀጥታ ያመጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርና መቀመጫው እዚሁ የሆነው የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት የማኅበሩ ጉባኤ እዚህ እንዲደረግ በጋራ ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ክብደት ይኖረዋል። ጥያቄው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት መቅረብ አለበት። ጀነሬተርና የአስተርጓሚ መሣሪያ በኪራይ ይገኛሉ። ከባዱ ኢንተርኔት ነው፤ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ሳይቀር አገልግሎቱ የተቋረጠባት አገር መሆናችንን የውጭ ተሳታፊዎች ያስታውሳሉ። በጉባኤው ቀናት እንደማይቋረጥ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ዋስትና ማግኘት ከአዳራሽ ኪራይ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በልማት ጥናት ዘርፍ የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ