የሜዳው የሬዲዮ ውድድር አልተሰረዘም፤ የምትመጡ አሳውቁን

ውድ አባላት፣

ከሌሎች የሬዲዮ ጣቢያዎች ጋር በመገናኘት ነጥብ የምንሰበስብበት የዚህ ሳምንት የሜዳ ላይ ውድድራችን ይካሄዳል። ትንበያው ብርቱ ነፋስና ዝናብ ስለሚል ግን ዕቅዱን ቀይረናል። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት በተለመደው ሜዳ እንገናኝ። ረጅሙን ምሰሶ ትተን ለ7 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ 20 ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሽቦ አንቴና ዝቅ አድርገን እንዘረጋለን። ጥቂት ነጥብ ቢያሳጣንም፣ በእኩለ ሌሊት የወደቀ ምሰሶ ከማንሳት ይሻላል።

በመብረቅ ጉዳይ ድርድር የለም። ደመናው ሲከብድ የአንቴናው ኬብል ከሬዲዮው ይነቀላል። ብልጭታ ታይቶ በ30 ሰከንድ ውስጥ ነጎድጓድ ከተሰማ ሁላችንም ወደ መኪና እንገባለን፤ ድንኳን ከመብረቅ አያስጥልም። የምንመለሰው ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። ጄኔሬተሩም የራሱ መጠለያ ይሠራለታል እንጂ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ጭሱ ይገድላል።

የዝናብ ልብስ፣ ቦቲ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትርፍ ገመድና ካስማ ይዛችሁ ኑ። ግንኙነቶቹን ለምንጽፍበት መዝገብ እርሳስ አትርሱ፤ ባለፈው የእስክሪብቶው ቀለም በዝናብ ፈስሶ ስንት ግንኙነት እንደጠፋብን ታስታውሳላችሁ።

ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ለሚሠራው ተራ ሁለት ሰው ይጎድለናል። የምትመጡበትንና መሥራት የምትችሉበትን ሰዓት እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።