ሥዕል ቀጠሮ ያውቃል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን በጥበብ ዓምዳችሁ ሥዕል በቀጠሮ አይሆንም፣ ስሜት ካልመጣ ብሩሽ አታንሡ የሚል ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምና መስከረም 1 ግን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ተማማልን። በየሳምንቱ አንድ ቃል ይወጣል፤ በቃሉ አንድ አንድ ሥዕል ሠርተን ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም እንላላካለን። ያልላከ ማኪያቶ ይጋብዛል። እስከ ጳጉሜን፣ 52 ሥዕል። አንዷ ጥር ላይ በቃኝ አለች። አንዱ ሁዳዴ ሲገባ ጠፋ (ጾም ከእርሳስ ጋር ምን እንዳጣላው እስካሁን አልገባኝም)። ሁለት ቀረን።

የእኔ ጉድ የመጣው በ44ኛው ሳምንት ነው። ቃሉ «ዝናብ»። ወሩ ሐምሌ፣ ውጭው ዶፍ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ከየት ይመጣል? እጄ ግን እምቢ አለ። ጃንጥላ ሣልኩ፤ ፖስት ካርድ መሰለ። ሰያፍ ሰያፍ መስመር አሰመርኩ፤ ማበጠሪያ መሰለ። ቀደድኩት። የውኃ ቀለም ወረቀት ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፤ አንድ በቀደድኩ ቁጥር ሆዴ አብሮ ይቀደዳል። ከዚያ «ነገ» ማለት ጀመርኩ። እርሳሶቼን ሁሉ ቀረጽኩ፣ ብሩሾቼን አጠብኩ፣ ጠረጴዛዬ እንደ ሠርግ ቤት ጸዳ። ሥዕል የለም።

ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የማኪያቶውን ሂሳብ እያሰላሁ ሳለ እናቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሳፋው ሞልቷል፣ ድፊልኝ» አለችኝ።

ጣሪያችን ያፈሳል። ክረምት ሲገባ ከቡፌው አጠገብ ጠርዟ የተላላጠ ነጭ ሳፋ ትቀመጣለች። ልደፋት ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ጠብ ሲል መጀመሪያ ውኃው ይሰረጎዳል። ከዚያ መሃሉ ላይ ቀጭን ምሰሶ ብድግ ትላለች። ክቡ እየሰፋ ሄዶ ጠርዙን ሲነካ፣ ውኃው ውስጥ የሚታየው አምፖል ስብርብር ይላል። ከቢሮ ባመጣሁት የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጀመርኩ። ላጲስ የለም። 25 ደቂቃ ፈጀብኝ። «አትደፊውም እንዴ?» ስትለኝ «ትንሽ ይጠራቀም» አልኳት።

ቆንጆ አልነበረም። የሳፋው አፍ በአንድ ጎኑ ተንጋዷል። ጓደኛዬ ሲደርሰው «ድስት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ግን ተልኳል። ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ስሜት የመጣው ስጀምር ሳይሆን ምሰሶዋን ለመያዝ ስታገል፣ አሥረኛው ደቂቃ አካባቢ ነው።

ጸሐፊው እኔ የማወራው ስለ ትልልቆቹ ነው ይሉ ይሆናል። እሺ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ይመልከቱ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እዚያ የሠሩት ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ታዝዘው የሠሩት ነው፤ ሕንፃ ደግሞ የሠዓሊ ስሜት እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም።

ጳጉሜን 4 ቀን 52ኛውን ላክሁ። ጓደኛዬም ላከ፤ ማኪያቶ የሚጋብዝ ጠፋ። ጥር ላይ በቃኝ ያለችው በዚህ መስከረም ተመልሳለች። የዘንድሮው የመጀመሪያ ቃል «ጎረቤት» ነው። እስካሁን ምንም አልመጣልኝም። ማክሰኞ ደግሞ ነገ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ