ጎልማሶቹ ለምን አይመጡም?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ድንገት ስትጽፍልኝ ደስ አለኝ። የወንዶች ግርዛት አገልግሎት ላይ መመደብህን ሳነብ ደግሞ የምነግርህ ብዙ ነገር መጣልኝ። «በነጻ ነው፣ ጥቅሙም ይታወቃል፤ ታዲያ ጎልማሶቹ ለምን አይመጡም?» ብለሃል። እኔንም በዚህ ሥራ ሳለሁ ሲያብሰለስለኝ የኖረ ጥያቄ ነው።

መረጃው ጠንካራ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ በኬንያ ኪሱሙና በኡጋንዳ ራካይ የተደረጉት ጥናቶች፣ የተገረዘ ወንድ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ግርዛትን የመከረው ይህን ይዞ ነው። ኮንዶም ግን አይቀርም፤ ይህን ሳትነግረው ማንንም አትሸኝ።

ጎልማሳው ፊትህ ሲቀመጥ ግን የሚጠይቅህ ሌላ ነው። ስንት ቀን ከሥራ እቀራለሁ? ሠርቶ አዳሪ ከሆነ ጥያቄው የልጆቹ እራት ነው። ያማል ወይ? ቦታው እንደሚደነዝዝና ግማሽ ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ ብትነግረውም፣ ካንተ ይልቅ የሚያምነው ተገርዞ ያለፈውን ጓደኛውን ነው። የኤችአይቪ ምርመራውን ፈርቶ የሚቀርም አለ። ምርመራው በፈቃዱ መሆኑን ገና ከጅምሩ ንገረው።

ከሁሉ የሚከብደው ከግንኙነት መታቀብ ያለበት ስድስት ሳምንት ነው። አንድ ሰውዬ ያልኩትን ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝና፣ «ለሚስቴ ምን ልበላት?» አለኝ። ሌላ ሴት ያዘ ብላ እንዳትጠረጥረው ነበር ፍርሃቱ። ይዘሃት ና አልኩት። መጣች። ፋሻው መቼ እንደሚፈታ፣ ቁስሉ ቢያመረቅዝ የት እንደሚሄዱ፣ ሁሉንም የጠየቀችኝ እሷ ናት። እሱ ከዚያ በኋላ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀበትም። ስለዚህ ሚስቶቹን አትርሳ። አንዳንዱ እንዲያውም የሚመጣው ሚስቱ ለንጽህና ብላ ስለገፋፋችው ነው።

ባህሉንም በንቀት አትየው። በኬንያ ሉኦዎች ግርዛት ልማዳቸው አልነበረም፤ አለመገረዝ ከማንነታቸው ጋር የተያያዘ ነበር። የዚያው ሕዝብ ተወላጅ የሆኑት ፖለቲከኛ ራይላ ኦዲንጋ በአደባባይ ሲደግፉት ትልቅ ትርጉም የነበረውም ለዚህ ነው። አልፈልግም ያለህንም አክብረህ ሸኘው። ፈቃዱ የእሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የአርባ ዓመት ሰው ከልጁ እኩዮች ጋር ወረፋ መያዝ ያሳፍረዋል። ካርዱን እንደያዘ ሹልክ ብሎ የሚወጣውን ታየዋለህ። አለቃህን አነጋግርና ለትልልቆቹ ብቻ የሚሆን የምሽት ሰዓት አስለይ። በሩ ከልጆቹ መግቢያ ቢለይ ደግሞ የተሻለ ነው። ምን እንዳሉህ ሳትውል ሳታድር ጻፍልኝ።

ወንድምህ