ከኪስህ ያገኘሁት ወረቀት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለፋሲካ መጥተህ የተውከውን ሱሪ ሳጥብ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ርሷል። መሶብ ክዳን ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። "ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ አንድ" ይላል፤ ከጎኑ ኤፍ። ስልክ ላይ ግን "ሁሉ ሰላም ነው እማ" ብለኸኝ ነበር።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ጎረቤታችንን ጋሼን፣ አስተማሪውን፣ ጠየቅኳቸው። ለካ ነገሩ የአንድ ፈተና አይደለም። ይሄን ኮርስ ሳታልፍ ሁለተኛውን አትወስድም፤ ያንን ሳትጨርስ አድቫንስዱን አትነካም። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ፣ አንዷ ኤፍ ሙሉ ዓመት ይዛ ትሄዳለች። ይሄን ሁሉ ብቻህን ተሸክመህ ነው ዓሣ አብረኸን የበላኸው? አንጀቴን በላኸው።

አንድ ጥፋት የእኔ ነው። "እህትህ በ3 ዓመት ጨረሰች" እያልኩ ስነዘንዝህ ከረምኩ። እሷ የገባችው ፍሬሽማን የሚሉት የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ከመመለሱ በፊት ነው። ያንተ ከመነሻውም 4 ዓመት ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ኮርሱን ሁሉ ጨርሰህም 50 ከመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም። እሷ ይሄን አላየችም። ከእንግዲህ አላወዳድርህም።

ሌላው ያ የኮፒ ቤት ሥራ ነው። የቤት ኪራይ ተጨመረብን ብዬ ስልክ ላይ ካማረርኩ በኋላ እንደጀመርከው አውቃለሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ወረቀት ስትጠርዝ አምሽተህ ጠዋት ክላስ እንዴት ትነቃለህ? ተወው። ቢያንስ የሥራ ቀን ማታውን ተው። ኪራዩን እኔና አባትህ እንወጣዋለን።

አሁን እንዲህ አድርግ። ሰኞ ጠዋት አድቫይዘርህ፣ የትምህርት አማካሪህ፣ ቢሮ ሂድ። ሳታፍር ግሬድህን አሳየውና ኮርሱ መቼ እንደሚሰጥ፣ ክረምት ላይ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። አድና ድሮፕ የሚሉት የኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ ቀን ሳያልፍ። ብዙ ልጅ የሚዘገየው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ይሄንን ሳይጠይቅ ቀርቶ ነው አሉኝ ጋሼ። እኔም አመንኳቸው።

ዓመት ቢጨመርም ይጨመር። ለአባትህ ነግሬዋለሁ፤ ዝም ብሎ ቆየና "ምሳ በደንብ ይብላ" ብቻ አለ። በቴሌብር ትንሽ ብር ልኬልሃለሁ። ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ፤ ያሉህን አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።

እናትህ፣ ከሐዋሳ