ስለ ልጆቻችን ካርድ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልን፣ የወላጅ መምህር ኅብረታችን አባላት።

የሴሚስተሩ ካርድ ወጥቷል። ደሴ ላይ ሰሞኑን ደረጃ ያልወጣ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ደስ ይላል፤ ግን አልተዋጠልኝም።

አንድ የሒሳብ ማርክ ሊስት እንይ። የቡድን ሥራ 20 ከ20፣ የቤት ሥራ 20 ከ20፣ ደብተር 10 ከ10፣ አጭር ፈተና 9 ከ10፣ ማጠቃለያ ፈተና 17 ከ40። ድምር 76። ልጁ ብቻውን ሲቀመጥ ግማሹንም አልሠራም። የቡድን ሥራውን ደግሞ እናውቀዋለን፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስም ያጽፋሉ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ሆነ። በእኛ በወሎ ጦርነቱ ትምህርት አቋርጧል፤ እውነት ነው። ይህ ግን የመላ አገሪቱ ቁጥር ነው። ስንቱ በካርዱ 90 ይዞ ፈተናው ላይ ጉድ እንደሆነ አስቡት።

መምህራኑን ብቻ አንውቀስ። 60 የሰጠ መምህር ላይ የሚያፈጥጠው ማን ሆነና!

ቅዳሜ ከዙህር በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንገናኝ። የማቀርበው ሐሳብ የቡድን ሥራ ከ20 ወደ 5 እንዲወርድ፣ የማጠቃለያ ፈተናንም ሌላ ክፍል የሚያስተምር መምህር እንዲያርም ነው። የማይስማማ ካለ መጥቶ ይሞግተኝ፤ ቡና አለ። የልጆቻችሁን የፈተና ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ ካርዱን ሳይሆን።