መጨረሻው ላይ ምን ይሆናል?

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለአጫጭር የትዝታ ፊልሞች የሚሆን ቅጽና አዳራሽ ስለመጠየቅ

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድሜ ወደ ጉዳዬ ልግባ። አጫጭር ፊልሞችን እሠራለሁ። የኦስካር ሸላሚዎች ሳይቀሩ እስከ 40 ደቂቃ የሚረዝመውን ሁሉ አጭር ፊልም ይሉታል፤ የእኔ ግን 11 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አልወስድባችሁም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ቤታቸውን ከለቀቁት አንዷ አክስቴ ናት፤ በቤተሰቡ ውስጥ ሁሉም ሰው እቴቴ ይላታል። መፍረስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ ተብሎበታል። ዕቃዋ ሲጫን ግን ከአልጋዋ ሥር አንድ የቪዲዮ ካሴት ወጣ። የጥር 1985 ዓ.ም. ሠርጓ ነው። ማጫወቻ ፍለጋ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። የዓለም የመጨረሻው ማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ሥራውን አቁሟል (የፈረንጆቹን 2016 ማለቴ ነው፤ የእኛው 2016 ሌላ ነገር ነው ያቆመው)። በመጨረሻ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አቧራ የጠጣ ማጫወቻ ከመደርደሪያው ሥር አወጣልኝ።

የዚያን ቀኑን ቪዲዮ ቀራጭ እግዜር ይስጠው። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ሰልችቶት ይሁን ወይም ጠላው ስቦት አላውቅም፣ ካሜራውን እንደተሸከመ ወደ ጓሮ ወጥቷል። አራት ደቂቃ ያህል ሙሽራ የለም። ጉልቻ ላይ የተጣደ ብረት ድስት፣ ወጥ የምታማስል ሴት ክንድ፣ ቆርቆሮ አጥር ላይ የተሰጣ ነጠላ፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ የቤት ቁጥር፣ ካሜራውን አይቶ ከበሩ ኋላ የሚደበቅ ልጅ። ሙሽራ በማይታይበት በዚህ አራት ደቂቃ ውስጥ ያ ግቢ እንደነበረ አለ።

ካሴቱን ለእቴቴ ከፍቼ እጆቿን ብቻ ቀረጽኩ። «እዚህ ጋ አቁሚው» ትለኛለች፤ ጣቷን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ታሳርፍና በምስሉ ላይ የማይታየውን ትቆጥራለች። «ከዚህ በር ኋላ ቦኖው ነው፤ ከቦኖው አለፍ ስትይ የጎረቤታችን ምድጃ፤ ከእሱ ማዶ እናቴ ያረፈችበት ክፍል።» እንዲህ እያለች ሳለ ያረጀው ካሴት ተንተፋተፈና ነጫጭ መስመሮች ምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ወረዱ። እቴቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ለካ ያን ዕለት ዘንቦ ነበር» አለች።

በጥር! አልዘነበም። አባቴ አልዘነበም ይላል፤ በምስሉ ላይ ያለው የግቢው መሬትም አቧራ ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሠርጓ ባወራች ቁጥር ድንኳኑ እንዴት እንዳፈሰሰ ትጨምርበታለች፤ የማን ልብስ እንደራሰ ሳይቀር። ፊልሜ ይኸው ነው።

ይህንን በአዳራሽ ለማሳየት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ የእናንተ ቢሮ እንዳልሆነ ብቻ ልናገር። ያስተናገደኝ ሰው ጨዋ ነበር፤ ጥፋቱ የቅጹ ነው። «የፊልሙ ዘውግ።» «ዋና ገጸ ባሕርይ።» «ሙሉ ስክሪፕት ይያያዝ።» እቴቴ የምትናገረውን እኔም የሰማሁት ስትናገረው ነው፤ ቀድሜ ከየት አምጥቼ ላያይዝ? ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እሺ፣ መጨረሻው ላይ ምን ይሆናል?» አለኝ። «ካሴቱ ያልቃል» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ፈቃዱን ግን አላገኘሁም፤ አዳራሹም ከሙሉ ፊልም በታች አይቀበልም ተባልኩ።

እኛኮ ትዝታን ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ ያደረግን ሰዎች ነን። ትዝታ የሚጫወት ድምፃዊ መድረክ ላይ ሲወጣ «መጨረሻው ላይ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ዜማው ሄዶ ሄዶ ተመልሶ እዚያው ሲገባ ማንም አልተንቀሳቀሰም አይልም፤ እንባውን ይጠርጋል እንጂ። ለጆሯችን የፈቀድነውን ለዓይናችን ለምን እንከለክላለን?

ነገሩ በዓለምም አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው «ላ ዤቴ» 28 ደቂቃ ነው፤ ከአንዲት ቅጽበት በቀር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተሠራ፣ አንድ ሰው ከልጅነቱ ስላልጠፋችው አንዲት ምስል የሚናገር ፊልም። ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ፊልም ሠሪዋ ሳሌም መኩሪያ አሉ፤ በአብዮቱ ዘመን ወንድማቸውንና የልብ ጓደኛቸውን አጥተው፣ ያንን በራሳቸው ድምፅ እየተረኩ ፊልም አድርገውታል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ሲሸለም ሁላችንም ኮርተናል፤ እሱም ቢሆን ትዝታው ተቆራርጦ የሚመጣበት ሰው ታሪክ ነው። ዕድለኛ ሆኖ ረጅም ነው እንጂ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከ40 ደቂቃ በታች ለሆነ ፊልም የሚሆን አንድ ገጽ ቅጽ አውጡልን፤ በስክሪፕት ፈንታ ፊልሙ ራሱ ይታይና ይወሰን። ሁለተኛው፣ በወር አንድ ምሽት አዳራሽ ስጡን። ማክሰኞ ይሁን፤ ማክሰኞ ሲኒማ ቤት ወንበሩ ጾሙን ያድራል። የምመኘው ፒያሳ ላይ ነው፤ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ ወይም ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ባስተናገደው በሀገር ፍቅር አካባቢ። በነገራችን ላይ የከተማችንን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ተፈርቶም ግን ተገብቶበታል።

ጊዜው የሚጠብቀን አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ካሴት በባለሙያዎች ግምት ከ10 እስከ 30 ዓመት ቢቆይ ነው፤ የእቴቴ ሠርግ 30ውን አልፏል። ፊልሜን ከሠራሁ ወዲህ ጎረቤቶቿ የነበሩ ሰዎች ካሴታቸውን በፌስታል እየጠቀለሉ ያመጡልኛል፤ እስካሁን ዘጠኝ ደርሷል። ሁለቱ ሻግተዋል። ጠጋኙ ደግሞ ማጫወቻውን መልሺልኝ እያለ ነው።

ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። አዳራሹ ከተፈቀደ ለእቴቴ ከፊት ለፊት አንድ ወንበር ያዙልኝ፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትወጣም። አልዘነበም የሚል ካለ እዚያው ይጠይቃት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአጭር ፊልም ሠሪ፣ ከአራዳ