ቤት ሠርቶ መለካትም ምርምር ነው
ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

አርክቴክት ነኝ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። የማጠናው በጣም ሞቃት ለሆኑ አካባቢዎች ካርበን የማይለቅ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ የዚህ ሙያ ተመራማሪ በምን ሊመዘን እንደሚገባ ለመናገር ነው።

ከዓመታት በፊት አፋር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። እኩለ ቀን ላይ ተማሪዎቹ ክፍሉን ጥለው ግራር ሥር ተቀምጠዋል፤ መምህሩም አብሯቸው ወጥቷል። እልፍ ብሎ እናቶቻቸው በዘንባባ ሰሌን የሠሯቸው ክብ ቤቶች አሉ። አንዱ ውስጥ ገባሁ። ይሞቃል፣ ግን ያስቀምጣል። ሰሌኑ ፀሐይ ይከልላል፣ ንፋስ ያስገባል፣ ሙቀትም አምቆ አያድርም። ሲያስፈልግ ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል።

ሐረር ብትሄዱ ደግሞ መልሱ ሌላ ነው። እዚያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያቆየዋል፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ግድግዳውም አብሮ ይበርዳል። ይሄን ግድግዳ ዳሎል ብትወስዱት አይሠራም። በ1960ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በተለካው መሠረት የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። በሞቃቱ ወቅት ሌሊቱም ስለማይበርድ ግድግዳው የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። ለሁሉም ቦታ አንድ ፕላን የማይሆነው ለዚህ ነው።

ካርበኑም ቢሆን የራሱ መልክ አለው። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሆነ የቤታችን ካርበን በብዛት ያለው ስሚንቶውና ፌሮው ላይ ነው። ስሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ በ1450 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፤ ድንጋዩ ራሱ ካርበን ይለቃል። የአፈር ግድግዳ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ታዲያ ይሄን ቢሮ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ቤቱን መሥራት፣ ቴርሞሜትር መስቀል፣ ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጭቃው ይሰነጠቃል፣ ምስጥ ይገባበታል፣ እንደገና ይሞከራል። እኔ የማዕረግ እድገት ስጠይቅ ግን የተቆጠረልኝ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ብቻ ነበር። የለፋሁበት የሙከራ ቤት እንደ ትርፍ ሥራ ታየ። በጣም ከፍቶኝ ነበር፤ አሁንም አልወጣልኝም።

የሚቻል መሆኑን አይተናል። በ2010 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የአዲስ አበባው የአርክቴክቸር ተቋም ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ግቢው ውስጥ ከአፈር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቷል። ግን አዲስ አበባ ደጋ ናት። እንዲህ ያለው ሥራ ወደ ሰመራ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ጎዴ መውረድ አለበት።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሙከራ ቤት በማዕረግ እድገት ላይ እንደ ምርምር ይቆጠር። ቆላ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ አንድ አንድ የሙከራ ቤት መሥሪያና ለሦስት ዓመት መለኪያ የሚሆን በጀት ይያዝ።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪዬ የመመረቂያ ሥራዋን በቆላ ቤት ላይ ልትሠራ ፈልጋ «ጋሼ፣ በዚህ ብቀጥል መምህር ሆኜ ማደግ እችላለሁ?» አለችኝ። እናንተን ሳልጠይቅ ልመልስላት አልፈለግኩም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአርክቴክቸር መምህር